ያለ ጠመንጃ ቆቅ አደን፦ ጠቋሚ ውሻ ይዞ በጣና ዳር

መጀመሪያ የጠመንጃውን ነገር ተናግሬ ልገላገል። ይህ የተኩስ ትምህርት አይደለም። አገራችን ውስጥ ወፍም ሆነ ሌላ የዱር እንስሳ ለማደን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ስለዚህ ይደነግጋል። የጦር መሣሪያም የራሱ አዋጅ አለው፣ ቁጥር 1177/2012። በዚህ ጊዜ ደግሞ ባሕር ዳር ዙሪያ መሣሪያ አንግቦ ማሳ ለማሳ መዞር ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። የጣና ዙሪያ ራሱም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚህ የምንይዘው ውሻ፣ ገመድና ካሜራ ነው። ካሜራ ከሌለ ስልክ። ስልኩ ባትሪ ከጨረሰ ዓይናችሁ አለ።

"ታዲያ ምኑ አደን ሆነ?" ትሉኝ ይሆናል። በጠቋሚ ውሻ አደን ትልቁ ነገር ተኩሱ አይደለም። ውሻው የማይታየውን ወፍ በአፍንጫው አግኝቶ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ሰዓት ነው። አውሮፓ ውስጥም ሴተር የሚባለው የጠቋሚ ውሻ ዝርያ አያቶች ሥራ የጀመሩት በጠመንጃ አልነበረም፤ ወፉን አግኝተው መሬት ላይ ልጥፍ ሲሉ ሰው መጥቶ መረብ ይጥል ነበር። ጠመንጃው በኋላ የመጣ ነገር ነው። እኛ መረቡንም እንተወዋለን።

ጊዜው ከመስቀል በኋላ ይጀምራል። ዝናቡ ያቆማል፣ አደይ አበባ ይረግፋል፣ ጭቃው ይጠጥራል። ጥቅምት ላይ ግን ሣሩ ገና ረጅም ነው፣ ሰብሉም አልታጨደም፤ ጥቅምትን ለሥልጠና አድርጉት። ፍለጋው ኅዳር ላይ ነው። ጤፉና ዳጉሳው መታጨድ ሲጀምር ወፎቹ መደበቂያ ያጡና ወደ ማሳ ዳር፣ ወደ ቁጥቋጦና ወደ ቦይ ዳር ይሰበሰባሉ። በዚሁ ወቅት የአውሮፓና የእስያን ብርድ የሸሸች ድርጭትም መጥታ ከአገሬዎቹ ድርጭቶች ጋር ትቀላቀላለች። ውሻ ለማሠልጠን ደግሞ ከድርጭት የተሻለ አስተማሪ የለም፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

የትኛው ውሻ?

ድመት አይጥ ላይ ከመዝለሏ በፊት ለአፍታ ቀጥ ትል የለ? ውሻም እንዲህ ያለች አፍታ አለችው። አርቢዎች ያቺን አፍታ በትውልድ ላይ ትውልድ እየመረጡ አስረዘሟት፤ ፖይንተር፣ ሴተር፣ ጀርመን ሾርትሄር የሚባሉት የዚያ ውጤት ናቸው። ብዙዎቹ ገና ቡችላ ሆነው ማንም ሳያስተምራቸው ላባ አይተው ይቆማሉ። እኛ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ውሻ እንደ ልብ አይገኝም፣ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። ደግሞ "ንጹሕ ፖይንተር ነው" ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ፖይንተር አይደለም። እናቱንና አባቱን ሳታዩ ብር እንዳታወጡ።

የሀበሻ ውሻስ? ይሆናል። ጥቆማው አጭር ነው፣ ትዕግሥቱም ቶሎ ያልቃል፤ አፍንጫው ግን ምንም አይወጣለትም፣ ሙቀቱንና እሾሁን ለምዶታል፣ የበላውም አያሳምመውም። ልዩነቱ ለፖይንተር በደሙ የመጣለትን መቆም ለእሱ እናንተ ማስተማር አለባችሁ። ቡችላ ስትመርጡ ቀላል ፈተና አለ። የዶሮ ላባ በክር እሰሩና ከረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ አንጠልጥላችሁ ሣር ላይ አሳርፉት። አንዱ ቡችላ ዘሎ ይይዘዋል። አንዱ አይቶት እንዳላየ ጥሎት ይሄዳል። አንዱ ደግሞ የፊት እግሩን ብድግ አድርጎ፣ ጅራቱን አቅንቶ፣ እስኪ ምን ይመጣል ብሎ ያፈጥበታል። እሱን ውሰዱ። ፈተናውን ግን የየቀን ጨዋታ አታድርጉት፤ በላባ ብዙ የተጫወተ ውሻ ኋላ በአፍንጫው ትቶ በዓይኑ መፈለግ ይለምዳል።

ግቢ ሲጠብቅ ያደገ፣ ዶሮ ማሳደድ የለመደ ትልቅ ውሻ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ይሆናል የሚል ካለ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

"ቁም"

ከሁሉ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ያልተከተበ ውሻ ይዞ ገጠር መውጣት በሰው ሕይወት መጫወት ነው። ክትባቱን በየጊዜው አሳድሱ፣ ወረቀቱንም ይዛችሁ ውጡ።

ከዚያ ሁለት ቃል ይበቃል፦ "ና" እና "ቁም"። "ና" ያለውን ሰምቶ የማይመጣ ውሻ ከግቢ አይወጣም፤ እሱን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልፈዋለሁ።

"ቁም"ን የሚያስተምረው የምግብ ሳህን ነው። ሳህኑን አስቀምጡ፣ ውሻው ሲንደረደር በአንገት ማሰሪያው ያዙትና "ቁም" በሉት። መሳቡን ትቶ በአራት እግሩ ሲረጋ ጎኑን ነካ አድርጋችሁ ልቀቁት። ያ ነካ ማድረግ "ሂድ" ማለት ነው። በስሙ ጠርታችሁ አትልቀቁት፤ ሜዳ ላይ ወፍ አጠገብ ቆሞ እያለ ስሙ ሳያስቡት ከአፍ ያመልጣል፣ እሱም "ተለቀቅሁ" ብሎ ይዘላል። መጀመሪያ ሦስት ሰከንድ፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ግማሽ ደቂቃ። ሕፃን በአጠገቡ ሲሮጥ፣ በር ላይ ባጃጅ ጡሩምባ ሲያንባርቅ ከጸና ደህና ተምሯል። አትምቱት። በወፍ ምክንያት የተመታ ውሻ ወፍን ከዱላ ጋር ያገናኘዋል፤ ኋላ ሽታው ደርሶት እንዳልደረሰው ሆኖ ዞሮ ይመጣል። እንዲህ የሆነን ውሻ መመለስ አዲስ ቡችላ ከማሠልጠን ይከብዳል።

ቀጥሎ ገመድ። አሥር ሜትር ገደማ የሆነ ቀላል የናይለን ገመድ፣ ጫፉ ላይ ቋጠሮ የሌለው፤ ቋጠሮ ቁጥቋጦ ውስጥ ይሰነቀራል። ውሻው እየጎተተው ይሂድ፣ እናንተ ሲያስፈልግ ትረግጡታላችሁ። እጃችሁ ላይ ግን አትጠምጥሙት፣ ናይለን ሲሳብ መዳፍ ይልጣል።

ከዚያ እርግብ። እርግብ የሚያረባ ልጅ በየሰፈሩ አይጠፋም። ሁለት ሦስት እርግብ ተከራዩት። አዎ፣ ኪራይ፤ ስትለቋቸው ወደ ቤታቸው ስለሚመለሱ ልጁ አይከስርም፣ እናንተም ለቀጣዩ ቀን አትቸገሩም። እርግቧን ክዳን ባለው ቅርጫት አድርጋችሁ ረጅም ሣር ውስጥ ደብቁ። ክዳኑ ላይ ረጅም ክር እሰሩ፣ ጫፉን ጓደኛችሁ ራቅ ብሎ ይያዝ። ቅርጫቱን ልታስቀምጡ በሄዳችሁበት መንገድ ውሻውን አታምጡት፤ የእናንተን ኮቴ አሽትቶ ይደርስበታል። ነፋሱ ከቅርጫቱ ወደ እሱ በሚነፍስበት በኩል፣ ከጎን አስገቡት።

አሁን ዓይናችሁ ከውሻው ላይ አይነቀል። ሲያለከልክ የነበረው ውሻ ድንገት አፉን ይገጥማል። የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነው፤ እያለከለኩ በደንብ ማሽተት አይቻልም። ያፍንጫው ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። ጅራቱ መወዛወዙን ያፈጥናል፣ ከዚያ ደርቆ ይቀራል። ጭንቅላቱ አንድ ቦታ ላይ ይሰካል። ያኔ ገመዱን ረግጣችሁ በለሆሳስ "ቁም" በሉት። ከቆመ ትንሽ አቆዩትና ጓደኛችሁ ክሩን ይሳብ፣ እርግቧ ትብረር። ሊያሳድድ ከተነሣ ገመዱ ይይዘዋል። አንድ እርምጃ ወደ ቅርጫቱ ከገፋም ወዲያው ክሩ ይሳብ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፦ ሲጠጋት እንደምትበር፣ ሲቆም ግን እንደማታመልጠውና ሰውዬው መጥቶ እንደሚያስነሣለት ራሱ ይገባዋል። አንድም እርግብ ጥርሱ ውስጥ እንዳትገባ። አንዴ ከቀመሰ የእናንተ "ቁም" ሁለተኛ ነገር ይሆናል።

ነፋሱ

ጣና ዳር ላለ ሰው ይህን ማወቅ ከየትኛውም ሥልጠና ይበልጣል። ውሻ ወፉን የሚያገኘው ነፋስ ሽታውን ሲያመጣለት ነው፤ ነፋሱ ከኋላችሁ ከመጣ ውሻው ወፏ ላይ ይረግጣል እንጂ አይጠቁማትም። ጥሩነቱ ጣና የራሱ ሰዓት አለው። ቀን ላይ ምድሩ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ ነፋሱም ከሐይቁ ወደ ምድር ይነፍሳል። ሌሊትና ማለዳ ነገሩ ይገለበጣል፣ ከምድር ወደ ሐይቁ። ባሕር ዳር ደግሞ ሐይቁ በሰሜን ነው። ስለዚህ በማለዳ ጀርባችሁን ለሐይቁ ሰጥታችሁ ወደ ደቡብ ሂዱ፤ ረፋዱ ላይ ነፋሱ ሲገለበጥ ፊታችሁን ወደ ሐይቁ አዙራችሁ ተመለሱ። ሲሄዱም ሲመለሱም ነፋስ በፊት ለፊት! ፎገራ በኩል ከሆናችሁ ሐይቁ በምዕራብ ስለሆነ ስሌቱን በዚያው ልክ አዙሩት። ይህ ደረቅና ጸጥ ላለ ቀን ነው፤ ዳመና ያንዣበበበትና ጠንካራ ነፋስ ያለበት ቀን ሕጉን አያከብርም። እርግጠኛ ለመሆን ደረቅ አቧራ ቆንጥራችሁ በትኑ።

ነፋሱ አንዱን ትቶ ሌላውን እስኪይዝ መካከል ላይ ፀጥ ይላል። ያኔ ሽታ አይሄድም፣ ውሻው በከንቱ ይለፋል። ጥላ ፈልጋችሁ ቁርሳችሁን ብሉ፣ እሱም ውሃ ይጠጣ።

ምርጡ ሰዓት ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው፣ መሬቱ ጠል እንደያዘ። ፀሐይ ከበረታች ደረቅ መሬት ሽታ አይይዝም። ማታ ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ ወፎቹ ለመልቀም ስለሚወጡ መሞከር ይቻላል፣ ግን ሳይመሽ ተመለሱ። ውሻው ከፊታችሁ ግራና ቀኝ እየተመላለሰ፣ ነፋሱን እየቆራረጠ ይፈልግ። ወደ አንድ ጎን ሲርቅ እናንተ ወደ ሌላው ጎን ዘወር በሉ፤ እንዳያጣችሁ ብሎ ይመለሳል። ለጀማሪ ከሠላሳ እርምጃ በላይ መራቅ የለበትም። እየጮሁ ማዘዝ ወፎቹን ያሸሻል፤ የሰው ድምፅ ወፍን ያስፈራል።

ማሳው ባለቤት አለው

ያልታጨደ ሰብል ውስጥ ውሻ አይገባም። በቃ። የደረሰ ጤፍ አንዴ ከተኛ ተኛ ነው፣ የሰው የዓመት ጉርስ ነው። ደግሞ ባዶ የሚመስል መሬት ሁሉ ባዶ አይደለም፤ ጓያና ሽምብራ ዝናቡ ካቆመ በኋላ መሬቱ በያዘው እርጥበት ነው የሚዘሩት። ሳትጠይቁ አትርገጡ።

ሰው ስታገኙ ውሻውን አስቀድማችሁ እሰሩ፣ ሰላምታውንም አታሳጥሩ። ከብቱን፣ እህሉን፣ ልጆቹን ጠይቁ፣ ከዚያ ጉዳያችሁን። ባሕር ዳር አጠገብ፣ ዘንዘልማ በኩል አንድ አዛውንት ውሻዬን ከላይ እስከ ታች አዩትና "ልጄ፣ ይህ ምን ይሠራል?" አሉኝ።

"ቆቅ ይፈልጋል፣ አባባ።"

"አግኝቶስ?"

"ይቆማል።"

"ከቆመስ በኋላ?"

"እኔ ፎቶ አነሣታለሁ።"

ቆዩና ሳቁ። "እንግዲያማ ሂድ አንሣት፤ ዘሬን ስትለቅም የከረመችው እሷ ናት፣ ፎቶዋ ካለ እከሳታለሁ።"

እውነታቸውን ነው። ቆቅ የተዘራ እህል እየጫረች ስለምትለቅም ገበሬ አይወዳትም፤ ስለዚህ "ቆቅ ፍለጋ ነው" ስትሉ ብዙ ጊዜ ፊቱ ይፈታል። ከገበሬው በላይ ደግሞ እረኛው ያውቃል፣ የትኛው ቁጥቋጦ ሥር እንደሚያድሩ ሳይቀር። እረኞችን ጠይቁ፣ ብስኩትም ያዙላቸው። "ያዙልኝ" ግን እንዳትሉ፤ በማግስቱ በወጥመድ ይዘው ይጠብቋችኋል፣ ያው ወጥመድ የውሻችሁንም እግር ይይዛል።

የበዓል ቀን ማሳው ፀጥ ይላል፣ ያጓጓል። ግን የምትጠይቁት ባለቤት አይኖርም፣ የመንደሩ ውሾችም ተፈትተው ይሆናል። እኔ የሥራ ቀን እመርጣለሁ። የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ወፍ ቢሞላም አትግቡ፤ ውሻ ይዞ ቅጥር መጠጋት ነውር ነው፣ ለማስረዳት ጊዜ የሚሰጣችሁም የለም።

ሲቆምላችሁ

ወፎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ድርጭት ትንሽ ናት፣ በመደበቋ ትተማመናለች፣ እግር ሥር እስክትደርሱ ትቀመጣለች። ለጀማሪ ውሻ የምትመቸው ለዚህ ነው፤ ለመቆም ጊዜ ትሰጠዋለች። ቆቅ መጀመሪያ በእግሯ ትሮጣለች፣ መሸሸጊያ ስታገኝ ነው የምትለጠፈው፤ ስለዚህ ውሻው ይቆማል፣ ጥቂት ይሳባል፣ እንደገና ይቆማል። አትቆጡት፣ እየተከተላት ነው። ጅግራ ግን የውሻ ፈተና ናት። መንጋ ሆና ትሮጣለች፣ ትጮኻለች፣ ሲብስባት ዛፍ ላይ ትወጣለች። ወጣት ውሻ ጅግራ ካየ ያሠለጠናችሁትን በአንድ ጧት ይረሳዋል። የጅግራ ድምፅ ስትሰሙ ገመዱን ያዙና አቅጣጫ ቀይሩ።

ውሻው ሲቆም አትሩጡ። ከኋላው በቀጥታም አትምጡ፤ ኮቴ ከኋላው ሲሰማ የተገፋ ይመስለውና ይዘላል። ሰፋ ባለ ክብ በጎኑ ዞራችሁ፣ እንዲያያችሁ ሆናችሁ፣ ወፏ አለች ብላችሁ ወደምትገምቱት ቦታ ከፊት ግቡ። እንዲህ ሲሆን ወፏ በውሻውና በእናንተ መካከል ትሆናለች፣ በእግሯ ማምለጥ ይከብዳታል። ካሜራው ቀድሞ ይዘጋጅ፦ የመዝጊያው ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ፣ ፀሐይ ከጀርባ። በስልክ ከሆነ ቪዲዮ ቅዱ፤ ቆቅ ስትነሣ የክንፏ ድምፅ ስለሚያስደነግጥ በጣት ነክቶ ፎቶ ለማንሣት የሚደርስ የለም። ሣሩን በእግራችሁ ገፋ ገፋ እያደረጋችሁ አስነሡ። ከበረረች በኋላም ውሻው ይቁም። ሄዳችሁ ጎኑን ዳብሱት፣ ከዚያ ልቀቁትና በሌላ አቅጣጫ ውሰዱት። የበረረችውን ወፍ ደጋግማችሁ አታስነሡ። መብረር የማይችሉ ጫጩቶች ካያችሁ ደግሞ ውሻውን አስራችሁ ቦታውን ልቀቁ።

አንዳንዴ ይቆምና ምንም አይኖርም። ወፏ ከመነሣቷ በፊት የነበረችበት ቦታ ሽታ ይቆያል። አትሳቁበት፣ አትቆጡትም፤ ነካ አድርጋችሁ አሳልፉት።

ውሃውና እሾሁ

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ ማለዳ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ በእሱና በውሃው መካከል መገኘት ለሰውም ለውሻም አይበጅም። በዚያ በኩል ማለዳ ደንገል ውስጥ ውሻ አትላኩ። ሐይቁን የወረረው እምቦጭ ደግሞ ከላይ ሲታይ መስክ ይመስላል፤ ውሻው መሬት ነው ብሎ ይገባና ከሥሩ እየተጠላለፈ ይቸገራል። ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ሸሸርና ወላላ ረግረጎች አካባቢ፣ ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ወፎች ብርዱን ሸሽተው ይከርማሉ። እዚያ ውሻ ፈጽሞ አይለቀቅም፤ ለካሜራ ብቻ ሂዱ፣ ከሩቅ።

ውሃ ከቤት ያዙ። ከረጋ ኩሬ የሚጠጣ ውሻ አልቅት አፍንጫው ውስጥ ይዞ ይመጣል፣ አልቅት የገባበት አፍንጫ ደግሞ ለሥራ አይሆንም። ሙቀት ሲበዛ ምላሱ ሰፍቶ ከተንጠለጠለና እርምጃው ከተንገዳገደ ያን ቀን ጨርሷል፤ ጥላ ሥር አስተኙት፣ ሆዱንና መዳፉን አርጥቡ።

ቤት ስትደርሱ ከመብላቱ በፊት አራቱንም መዳፍ በጣቶቹ መካከል ፈትሹ። ረግረግ አካባቢ ያለው አሜኬላ እሾሁ ክፉ ነው፣ ተሰብሮ ይቀራል። ጆሮውን ገልብጣችሁ እዩ፣ ጨጎጊቱን በጣት ልቀሙለት፣ መዥገር ካለ ከሥሩ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ጭንቅላቱን እያዘነበለ የሚያራግፍ ከሆነ የሣር ዘር ጆሮው ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል እንጨት አታስገቡበት፤ የእንስሳት ሐኪም ያውጣለት። በማግስቱ ካነከሰም እሾሁ ገና ውስጥ ነው፣ እስኪሽር ድረስ ከግቢ አይውጣ።